ጭራቁ ሲናገር፦ ስለ ጎቲክና ስለ ግሮቴስክ

ባለፈው ሴሚስተር የፊቸር አጻጻፍ አሳይመንት ተሰጥቶን ነበር። «ገበያ ሂዱና አንድ ሰው ይዛችሁ ኑ» ተባልን፤ የአንድ ሰው ታሪክ ማለታቸው ነው። እኔ የሄድኩት ቅዳሜ ገበያ ነው። እዚያ ጌሾና ሽንኩርት የሚሸጡ፣ በዕድሜ ጠና ያሉ አንዲት ሴት አገኘሁ። ሁለቱም እግሮቻቸው በዝሆኔ በሽታ አብጠዋል። መዋሸት አልፈልግም፣ ደስ አለኝ። «ታሪክ አገኘሁ» ብዬ ደስ አለኝ። ማታ ዶርም ገብቼ ጻፍኩ። የመጀመሪያው አንቀጽ እግር፣ ሁለተኛው አንቀጽ እግር፣ ሦስተኛውም እግር። ጉቶ አልኩት፣ የዛፍ ሥር አልኩት፣ ያልኩት ነገር የለም። የክፍል ጓደኞቼ አንብበው «አቦ ጽፈሃል!» አሉኝ። አሳይመንቱ ሲመለስልኝ ግን መምህራችን ከግርጌው በቀይ እስክሪብቶ እንዲህ ብለው ጽፈውበታል፦ «እግራቸውን አየሁት። እሳቸውስ ምን አሉ?»

ምንም አላሉም፤ ምክንያቱም አልጠየቅኳቸውም። ከመቼ ጀምሮ እንደታመሙ ጠይቄ፣ የመለሱልኝን ቁጥር ጽፌ ነው የሄድኩት።

በዚያው ሴሚስተር በሥነ ጽሑፍ መግቢያ ኮርስ ሁለት ቃላት ተምረን ነበር፤ ጎቲክና ግሮቴስክ። ብዙዎቻችን ለፈተና ሸምድደን ከፈተናው በር ላይ ጣልናቸው። እኔም እንደዚያው ላደርግ ነበር። ነገር ግን ያቺ ቀይ መስመር አላስተኛ ስትለኝ፣ ጥያቄዋ መልስ ያላት እነዚህ ሁለት ቃላት ውስጥ እንደሆነ ቀስ እያለ ገባኝ። እስቲ በቅደም ተከተል ላስረዳ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ግሮቴስክ የሚለው ቃል የተወለደው መሬት ሥር ነው። የሮም ንጉሠ ነገሥት ኔሮ በ64 ዓ.ም. ከተማይቱ ከተቃጠለች በኋላ «ወርቃማው ቤት» የሚባል ግዙፍ ቤተ መንግሥት አሠርቶ ነበር። እሱ ሲሞት ተከታዮቹ ክፍሎቹን በአፈር ሞልተው በላዩ ሌላ ገነቡበት፤ ቤቱም ተረሳ። በ1480 አካባቢ ሰዎች ሲቆፍሩ በአጋጣሚ ክፍሎቹ ላይ ደረሱ። ሠዓሊዎች በገመድ እየወረዱ፣ በችቦ ብርሃን ግድግዳውን ማየት ጀመሩ። ያዩት ሥዕል እንግዳ ነበር፤ ከወገቡ በላይ ሰው፣ ከወገቡ በታች የእንስሳ ወይም የሐረግ ጭራ፤ ምሰሶ መሆን ሲገባው ቀጭን የአበባ ዘንግ ጣሪያ ተሸክሞ የቆመ። ቦታው ዋሻ ስለሚመስል፣ በጣሊያንኛ ዋሻ «ግሮታ» ስለሚባል፣ ሥዕሉ «ግሮቴስኮ» ተባለ። ራፋኤልና ረዳቶቹም ይህንኑ ዓይነት ጌጥ ወደ ቫቲካን ግድግዳዎች አመጡት። የሚገርመው፣ ቪትሩቪየስ የሚባለው የሮም የሕንፃ ባለሙያ ከኔሮ በፊት ገና ስለዚህ ዓይነት ሥዕል አማሮ ጽፏል። እንዲህ ያለ ነገር የለም፣ ሊኖርም አይችልም፣ ለምን ይሣላል ነው ነገሩ። ሂስ መቼም ዕድሜው ረጅም ነው።

ስለዚህ ግሮቴስክ ሲባል መሠረቱ መደባለቅ ነው። አብረው መሆን የሌለባቸው ነገሮች በአንድ አካል ላይ ይገናኛሉ። ሰውና እንስሳ፣ ሕይወት ያለውና የሌለው፣ የሚያስቀውና የሚያስጠላው። አንባቢው ልሳቅ ወይስ ልሽሽ እያለ መሐል ላይ ይቀራል። ሳቅ ብቻ ከሆነ ኮሜዲ ነው፤ ፍርሃት ብቻ ከሆነ ሌላ ስም አለው። ምሁራኑም በዚሁ ተከፋፍለዋል፤ ጀርመናዊው ቮልፍጋንግ ካይዘር በ1957 ባሳተመው መጽሐፍ ፍርሃቱን፣ የምናውቀው ዓለም ድንገት ባዕድ መሆኑን ያጎላል፤ ሩሲያዊው ሚካኤል ባኽቲን ደግሞ በ1965 በታተመው የራብሌ ጥናቱ ሳቁን፣ የበዓልና የሕዝብ አደባባይ ሳቅን ያጎላል። ለፈተና ይህን ያህል ይበቃል።

ጎቲክ ደግሞ ሲጀመር ስድብ ነበር። ጎቶች ሮምን የወረሩ ሕዝቦች ናቸው። የጣሊያን የህዳሴ ዘመን ሰዎች ከነሱ በፊት የነበረውን፣ ሹል ቅስትና ረጃጅም ማማ ያለውን የሕንፃ አሠራር «የጎቶች» አሉት፤ ያልሠለጠነ ለማለት ነው። በእንግሊዝ አገር ሆራስ ዋልፖል የተባለ ባለጸጋ ግን ይህን አሠራር ወደደው፤ የራሱን ቤት በዚሁ መልክ አሠራና በ1764 «የኦትራንቶ ቤተ መንግሥት» የሚል ልቦለድ አወጣ። ታሪኩ የሚጀምረው በሠርግ ቀን ነው፤ ከሰማይ የወረደ የሚመስል ግዙፍ የራስ ቁር ሙሽራውን ጨፍልቆ ይገድለዋል። በሁለተኛው እትም፣ በ1765፣ ደራሲው «የጎቲክ ታሪክ» የሚል ንዑስ ርእስ ጨመረበት። ስሙ ከዚያ ወዲህ ለሥነ ጽሑፉ ሆነ።

እዚህ ላይ ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ዋልፖል የመጀመሪያውን እትም በስሙ አላወጣውም። በ1529 በኔፕልስ የታተመ የጣሊያንኛ መጽሐፍ ተገኝቶ፣ እገሌ የሚባል ሰው ተረጎመው ብሎ ነው ያወጣው። መጽሐፉም፣ ተርጓሚውም ፈጠራ ናቸው። የጎቲክ ልቦለድ የተጀመረው በሐሰተኛ ምንጭ ነው ማለት ነው! የእኛ ኢንስትራክተሮች ቢያገኙት ኖሮ ኤፍ ነበር።

ጎቲክ ምንድን ነው ብትሉ፣ ብዙ ጊዜ የሚዘረዘረው ዕቃው ነው፤ ፍርስራሽ ግንብ፣ ምሥጢራዊ መተላለፊያ፣ ሻማ፣ አውሎ ነፋስ፣ የምትሸሽ ልጃገረድ። እኔ ግን ከዕቃው ይልቅ አሠራሩ ነው የገባኝ። ጎቲክ የሚሠራው በመደበቅ ነው። አን ራድክሊፍ በ1794 ባሳተመችው «የኡዶልፎ ምሥጢሮች» ውስጥ ኤሚሊ የምትባለው ልጅ በአንድ ክፍል ግድግዳ ላይ የተንጠለጠለ ጥቁር መጋረጃ ትገልጣለች፤ ያየችውን አይታ ራሷን ስታ ትወድቃለች። ምን አየች? ደራሲዋ አትነግረንም። በመቶ የሚቆጠሩ ገጾች እናነባለን፣ አሁንም አትነግረንም። በመጨረሻ ሲነገረን የበሰበሰ ሬሳ እንዲመስል የተሠራ የሰም ምስል ነው! እውነት ለመናገር እኔ ተናድጃለሁ። ግን እነዚያን ሁሉ ገጾች ያስነበበኝ ያ መጋረጃ ነው። ራድክሊፍ ከሞተች በኋላ በ1826 በታተመ ጽሑፏ ሁለት ዓይነት ፍርሃት ትለያለች። አንደኛው ገና ያልታየው ነገር የሚያመጣው ስጋት ነው፤ ነፍስን ያሰፋል፣ ያነቃል ትላለች። ሁለተኛው ፊት ለፊት የተገተረው አሰቃቂ ነገር የሚያመጣው ድንጋጤ ነው፤ ያደርቃል፣ ያደነዝዛል። እሷ የመጀመሪያው ወገን ናት።

እንግዲህ ልዩነቱ ይኸው ነው። ጎቲክ መጋረጃውን ይይዛል፤ ግሮቴስክ መጋረጃውን ቀድዶ የተደባለቀውን አካል በቀን ብርሃን አደባባይ ያወጣል። ሁለቱ ብዙ ጊዜ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛሉ፤ ኤድጋር አለን ፖ የ1840 የታሪክ ስብስቡን ርእስ ሲያወጣ «ግሮቴስክ» የሚለውን ቃል መጠቀሙ ለዚህ ምስክር ነው፤ ውስጡ ያለው ግን የጎቲክ ቤት ሞልቶታል።

ንጹሕ ግሮቴስክ ማንበብ ለሚፈልግ የኒኮላይ ጎጎልን «አፍንጫ» እመክራለሁ። በ1836 የታተመ አጭር ልቦለድ ነው። በፒተርስበርግ አንድ ፀጉር አስተካካይ ቁርሱን ሊበላ ዳቦ ሲቆርስ ውስጡ አፍንጫ ያገኛል። የአፍንጫው ባለቤት ኮቫልዮቭ የሚባል ሹም በበኩሉ ሲነቃ ፊቱ እንደ ምጣድ ልሙጥ ሆኗል። ወጥቶ ሲፈልግ አፍንጫውን መንገድ ላይ ያገኘዋል፤ የወርቅ ጥልፍ ዩኒፎርም ለብሶ፣ በሠረገላ፣ ከራሱ ከባለቤቱ በላይ ማዕረግ ይዞ! ሊያናግረውም ይፈራል፤ አለቃው ነዋ። በጣም የሳቅኩት ግን ኮቫልዮቭ ጋዜጣ ቢሮ ሄዶ «አፍንጫዬ ጠፍቷል» የሚል ማስታወቂያ ሊያስወጣ ሲሞክር ነው። የቢሮው ጸሐፊ እምቢ ይላል፤ ጋዜጣው ስሙ ይጠፋል ባይ ነው። ከዚህ በፊት አንድ ሰው ጥቁር ውሻ ጠፋብኝ ብሎ አስወጥቶ፣ ውሻ የተባለው የአንድ መሥሪያ ቤት ገንዘብ ያዥ ሆኖ ተገኝቷልና። በመጨረሻም ሊያጽናናው ፈልጎ ሱረት ይጋብዘዋል። አፍንጫ ለሌለው ሰው ሱረት!

ጎጎል ስለ አፍንጫው አይደለም የሚያወራው። አፍንጫው ጠፍቶ እንኳ ሰዎቹ የሚጨነቁት ስለ ማዕረግ መሆኑ ነው አስቀያሚው ነገር። የተበላሸው አካል የሚያሳየው ዙሪያውን ያለውን ሰው ነው። እኔ አሳይመንቴን ስጽፍ ያልገባኝ ይሄ ነበር፤ እግሩን ሳሳይ ዙሪያውን አላሳየሁም። ዝሆኔ በእኛ አገር ደጋማ አካባቢዎች ለዓመታት በባዶ እግር ቀይ አፈር ላይ ከመሄድ እንደሚመጣ፣ ከሰው ወደ ሰው እንደማይተላለፍ፣ ብዙ ሰው ግን ይተላለፋል ብሎ ታማሚውን እንደሚሸሽ አንድ ዓረፍተ ነገር አልጻፍኩም። ጫማ የሚለውን ቃል ጭራሽ አላነሳሁም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ «ፍራንከንስታይን»።

ብዙዎቻችን ፍራንከንስታይን የምንለው አንገቱ ላይ ብሎን ያለበትን፣ ግንባሩ ጠፍጣፋ የሆነውን ጭራቅ ነው። እሱ የ1931ዱ ፊልም ሥራ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ፍራንከንስታይን የፈጣሪው፣ የተማሪው የቪክቶር ስም ነው። ፍጡሩ ስም የለውም። (ተማሪ ነው ያልኩት በስህተት አይደለም፤ ቪክቶር ያን ሁሉ ጉድ የሠራው ዩኒቨርሲቲ ሳለ ነው።)

ደራሲዋ ሜሪ ሼሊ ታሪኩን የጀመረችው በ1816 በጄኔቫ ሐይቅ ዳር ነው፤ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነበር። በአሥራ ስምንት ዓመት እኛ ፍሬሽማን ነን። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ በ1815፣ በኢንዶኔዥያ ታምቦራ የሚባለው እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አየሩን ስላበላሸው የ1816 በጋ በአውሮፓ በጋ አልነበረም፤ ዝናብና ብርድ ነበር። ቤት የዋሉት ወዳጆች የሙት መንፈስ ታሪክ እያነበቡ ሳለ ገጣሚው ባይረን እያንዳንዳችን አንድ አንድ እንጻፍ አለ። ነገሩ ጨዋታ ነው፤ የሜሪ ሕይወት ግን ጨዋታ አልነበረም። እናቷ እሷን በወለደች በአሥራ አንደኛው ቀን ሞታለች። ሜሪም በ1815 የመጀመሪያ ልጇን፣ ያለ ጊዜዋ የተወለደች ሕፃን፣ ቀብራለች። ልጅቷ እሳት ዳር ሲያሻሿት ነፍስ ዘርታ እንደተነሣች በሕልሟ ማየቷን በማስታወሻ ደብተሯ ጽፋለች። መጽሐፉ በ1818 ያለ ደራሲ ስም፣ በ500 ቅጂ ታተመ።

ታሪኩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ቪክቶር ከሬሳ ክፍሎች አካል ሠርቶ ሕይወት ይሰጠዋል። አካሉ ፍጹም ግሮቴስክ ነው። ቪክቶር ውብ ይሆናል ብሎ ነው ክፍሎቹን የመረጠው፤ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ፀጉር፣ ነጭ ጥርስ፤ ግን ከቢጫው ቆዳና ከፈዘዙት ዓይኖች ጋር ሲገጣጠም አስፈሪ ሆነ። ዓይኑን ሲገልጥ ቪክቶር ሸሸ። አባት ልጁን ጥሎ እንደመሸሽ ቁጠሩት።

የሜሪ ሼሊ ትልቅ ሥራ ግን አካሉ አይመስለኝም። መሐሉ ላይ ያደረገችው ነው። መጽሐፉ እንደ ሣጥን በሣጥን ነው የተሠራው፤ ውጪው በሰሜን ዋልታ በመርከብ የሚሄድ ዋልተን የሚባል ሰው ለእህቱ የጻፈው ደብዳቤ፣ በውስጡ ቪክቶር የሚተርከው፣ በዚያ ውስጥ ደግሞ፣ በሣጥኑ እምብርት፣ ፍጡሩ ራሱ የሚተርከው። በ1831ዱ እትም ካሉት 24 ምዕራፎች ከ11 እስከ 16 ያሉት ስድስቱ የፍጡሩ ድምፅ ናቸው። ጎቲክ መጋረጃውን ሲገልጥ ሰም ነበር ያገኘነው፤ እሷ መጋረጃውን ስትገልጥ የሚናገር ሰው አገኘን።

ምን ይላል? ጫካ ውስጥ ብርድና ረሃብ እንዴት እንደጀመሩት፣ እሳት አግኝቶ እጁን እንዴት እንዳቃጠለ ይናገራል። ከአንድ ድሃ ቤተሰብ ቤት ጋር የተያያዘ ደሳሳ ጎጆ ውስጥ ተደብቆ፣ በግድግዳው ቀዳዳ እያያቸው ቋንቋ ይማራል። እነሱ ለአንዲት እንግዳ ልጅ ቋንቋ ሲያስተምሩ እሱም አብሮ ይማራል፤ ያልተመዘገበ ተማሪ በሉት። ማታ ማታ እንጨት ፈልጦ ደጃፋቸው ያኖርላቸዋል። በውኃ ላይ የራሱን ፊት ሲያይ ራሱ ይደነግጣል። ከዚያ የቤቱ አባት ብቻቸውን የቀሩበትን ቀን ጠብቆ ይገባል። ሽማግሌው ዓይነ ስውር ናቸው። ያነጋግሩታል፤ በደግነት፣ እንደ ማንኛውም መንገደኛ። በመጽሐፉ ሙሉ ሰው ሆኖ የተደመጠባት ቅጽበት ያቺ ናት ማለት ይቻላል። ወዲያው ልጆቹ ይመጣሉ፤ አንዷ ራሷን ትስታለች፣ ሌላዋ ትሸሻለች፣ ወንዱ ልጅ በዱላ ይደበድበዋል። ያየው ሁሉ ሸሸ፤ ያላየው ሰው ሰማው።

ከዚያ በኋላ ይገድላል፤ ያውም ሕፃን ልጅ። ሜሪ ሼሊ ይህን አልደበቀችም፣ እኔም አልደብቅም። አንዳንድ ጓደኞቼ «ምስኪን ነው በቃ» ይላሉ፤ አይደለም። መናገሩ ንጹሕ አያደርገውም። ግን ሲናገር ስለሰማነው ያደረገውን በምን መንገድ እንደደረሰበት እናውቃለን፤ ጭራቅ ስለሆነ ገደለ ብለን መዝጋት አንችልም። እኔ ልጅ ሳለሁ በሰማኋቸው ተረቶች ጭራቅ ሥራው መብላትና መታለል ነው፤ «አንተስ እንዴት ጭራቅ ሆንክ?» ብሎ የጠየቀው ሰው ትዝ አይለኝም።

ከመጽሐፉ በኋላ የሆነው ደግሞ ለእኛ ሙያ የበለጠ የሚነግረን ይመስለኛል። በ1823 ታሪኩ ለንደን ውስጥ በመድረክ ቀረበ። በማስታወቂያ ወረቀቱ ላይ ከተዋናዩ ስም አንጻር የፍጡሩ ስም መሆን በነበረበት ቦታ ባዶ ሰረዝ ተደርጎ ነበር፤ ሜሪ ሼሊ ራሷ ትያትሩን አይታ ያንን ሰረዝ ወደደችው። ነገር ግን መድረክ ላይ ፍጡሩ አይናገርም፤ በእንቅስቃሴ ብቻ ነው። በ1931ዱ ፊልምም ያጉረመርማል እንጂ አይናገርም። ስድስት ምዕራፍ ንግግር ወጥቶ ፊት ብቻ ቀረ። ዓለምም የሚያውቀው ያንን ፊት ነው። ፊት ይሸጣል፤ ንግግር ጊዜ ይወስዳል።

ካፍካ ይህን የፈራ ይመስለኛል። በ1915 «ሜታሞርፎሲስ» በመጽሐፍ መልክ ሊወጣ ሲል፣ ግሬጎር የተለወጠበት ነፍሳት በሽፋኑ ላይ እንዳይሣል፣ ከሩቅ እንኳ እንዳይታይ አሳታሚውን ለመነ። በሽፋኑ ላይ የተሣለው ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ከተከፈተ በር የሚርቅ ሰው ነው። ይህ የጎቲክ መጋረጃ ነው፤ ግን አንባቢን ለማስፈራራት የተሰቀለ አይደለም። ግሬጎር ነፍሳት ሆኖም ውስጡ የሚያስበው ስለ ባቡር ሰዓትና ስለ አለቃው ነው፤ ሥዕሉ ቀድሞ ቢመጣ ያ ሐሳቡ አይሰማም ነበር።

አሳይመንቴን እንደገና እንድጽፍ ተፈቀደልኝና በማግስቱ ቅዳሜ ተመልሼ ሄድኩ። ሴትየዋ በቦታቸው አልነበሩም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ነበሩ። ሰላም ብዬ አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ። ቀና ብለው አዩኝና «አንተ ያ እግሬን ስታይ የነበርከው ልጅ አይደለህ?» አሉኝ። ምን እንደምመልስ ጠፍቶኝ «አዎ እማማ» አልኩ። ሳቁ። ከዚያ ሽንኩርት በዚያ ሰሞን እንዴት እንደረከሰ፣ ጌሾ ግን እንዳልተነካ፣ ልጃቸው አሥረኛ ክፍል እንደሆነና ሒሳብ እንደሚከብደው፣ ገበያው ውስጥ ከጎናቸው መቀመጥ የማይፈልጉ ሻጮች እነማን እንደሆኑ፣ በጣት እያሳዩ፣ አንድ ሰዓት ያህል አወሩኝ። እግራቸው አዲሱ ጽሑፍ ውስጥ ስድስተኛው አንቀጽ ላይ ነው ያለው። ልነሣ ስል «ባዶ እጅህን ልትሄድ ነው?» ብለው ግማሽ ኪሎ ሽንኩርት መዘኑልኝ፤ ሂሳቡንም አስከፈሉኝ።